የተዘቀዘቀው ምልክት፦ ስለ ኒውፖርት ከተማ ዓርማ

በደቡብ ዌልስ፣ በአስክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው የኒውፖርት ከተማ ዓርማ እጅግ ቁጥብ ነው። በወርቃማ ጋሻ ላይ አንድ ቀይ ምልክት፣ ከጋሻው በላይም ፊትና ክንፍ ብቻ ያለው ኪሩብ ይታያል። ምልክቱ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ጣራ የሚሸከሙ ሁለት ወጋግራዎችን ይመስላል፤ በሃምሳ አለቃ ክንድ ላይ የሚሰፋውም የዚሁ ዝርያ ነው። የኒውፖርቱ ግን ጫፉን ወደ ታች ተዘቅዝቋል።

ቀጥ ብሎ የቆመው የስታፎርድ መሳፍንት ምልክት ነበር። ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1385 መብቷን የሚያጸናላትን ቻርተር የተቀበለችው ከዚሁ ቤት አለቃ ከሂዩ ስታፎርድ ነው። የጌታዋን ምልክት ወሰደች፤ ከጌታዋ እንድትለይ ግን ገለበጠችው። ይህ የዓርማ ሥርዓት ያመጣው መለያ እንጂ የሕዝብ ዐመፅ ውጤት አይደለም፤ የተገለበጠውን ሁሉ የትግል ምልክት አድርጎ መተርጎም የችኩል ሐያሲ ስሕተት ነው። ሆኖም ኃያሉ መስፍን ኤድዋርድ ስታፎርድ እ.ኤ.አ. በ1521 በሄንሪ 8ኛ ዘመን አንገቱን ሲቀላ፣ የተዘቀዘቀው ምልክት ለከተማዋ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1957 ጋሻውን ግራና ቀኝ የሚደግፉ ክንፋም የባሕር አንበሳና የባሕር ዘንዶ ተጨመሩ። «በየብስና በባሕር» ከሚለው የላቲን መፈክር ጋር ይስማማሉ፤ ነገር ግን ጌጥ ናቸው፤ የጋሻውን ቁጥብነት ከማደብዘዝ በቀር ለይዘቱ የፈየዱት የለም።

በዓርማው ውስጥ የሌለው ወዝ አደሩ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1839፣ በሺህ የሚቆጠሩ የከሰልና የብረት ሠራተኞች በዝናብ ሌሊት ከሸለቆዎቹ ወርደው ከተማዋ ገቡ። የቻርቲስቶች ንቅናቄ አባላት ነበሩ፤ የሚታገሉትም ለመምረጥ መብት ነው። በዌስትጌት ሆቴል የመሸጉ ወታደሮች ተኩሰው ከ20 በላይ ሰዎች ገደሉ። መሪያቸው ጆን ፍሮስት ቀደም ሲል የዚያችው ከተማ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው፤ ሞት ተፈርዶበት፣ ቅጣቱ ተለውጦለት ወደ ታዝማኒያ ተጋዘ።

ይህን ታሪክ በአደባባይ የተናገረው ዓርማው ሳይሆን፣ ሠዓሊው ኬኔት ባድ እ.ኤ.አ. በ1978 በእግረኛ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ያቆመው የ35 ሜትር ሞዛይክ ነበር። ሰልፈኞቹ ከመንገደኛው ጎን ለጎን የሚራመዱ ይመስሉ ነበር፤ ሥራው ከጋሻው የሚልቀውም በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ ማዕከል ግንባታ ሲባል፣ ነዋሪዎች እየተቃወሙ ፈረሰ። የመስፍኑን ምልክት የነካው የለም። በአቅራቢያው ያለው አደባባይ ዛሬም በጆን ፍሮስት ስም ይጠራል።