የጆሮ ትምህርት

በሲያትል ከተማ፣ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት ከከፈቱበት ከቼሪ ጎዳና አጠገብ፣ ጋርፊልድ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በዚያ ከተማሩት መካከል ኩዊንሲ ጆንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ፓሪስ ድረስ ተሻግሮ ከናዲያ ቡላንዤ ዘንድ የሙዚቃ ድርሰትን ሥርዓት ሲያጠና፣ ጂሚ ሄንድሪክስ ግን ኖታ ማንበብ ሳያውቅ የጊታርን ጠባይ ለውጦ አለፈ። እኔም ከብዙ ዘመን የተውኔት ድርሰትና የፎቶግራፍ ሥራ በኋላ የብቻዬን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ሳወጣ፣ ወዳጆቼ በማወደስም በማጽናናትም መንፈስ የኋለኛውን ስም ያነሡብኝ ጀመር።

ንጽጽሩ ከልክ ያለፈ መሆኑ ይቅርና፣ ከማኅሌት አጠገብ ያደገ ጆሮ ፈጽሞ አልተማረም ማለት ያስቸግራል። የድጓው ምልክት በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ከተደራጀ ወዲህ እንኳ፣ ደቀ መዝሙሩ ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነውና። እኔ ከመሪጌታ ፊት ተቀምጬ ያጠናሁት የለም፤ ቢሆንም በሌሊት ቆሜ የሰማሁት ሁሉ አብሮኝ ተሰዷል።

ግጥሙ ብዙ አላስቸገረኝም፤ ተዋናይ በአንድ እስትንፋስ የሚወጣው ዐረፍተ ነገር ለዘፋኝ እንደሚረዝም ስለ ገባኝ፣ ስንኙን ሁሉ ወደ የወል ቤት፣ ማለት ስድስት በስድስት ቀለም፣ አሳጠርሁት። ጭንቁ የመጣው በቀረጻው ክፍል ነው። ዜማው በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነበርና፣ ባለሙያው ድምፅን ወደ ፒያኖው እርከኖች እየሳበ የሚያርመውን ፕሮግራም በከፈተ ጊዜ፣ ከመነሻዋ እጅግም የማትርቀው ሁለተኛይቱ ድምፅ ከነበረችበት ተነቅላ፣ ንጹሕ ግን ባይተዋር የሆነ ዜማ ሰማሁ። የተማረ ሰው ቢሆን ርቀቱን በስሙ ጠርቶ በተከራከረ፤ እኔ ግን ያው መልሼ ከማዜም በቀር ማስረጃ አልነበረኝም፤ ያልተማረ ሰው ዕዳም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ይኸው ነው፤ መስማቱን ሰምቶ ማስረዳት አለመቻል።

በመጨረሻ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ለመንሁ። ማሲንቆ አንድ ጅማት እንጂ የተከፋፈለ እርከን የለውምና፣ ጣቱ በየዙሩ እዚያችው ስፍራ ሲያርፍ ባለሙያው በጆሮው አረጋገጠና ፕሮግራሙን ለዚያች ድምፅ ዘጋው። ዜማው እንዲያው ሆኖ ወጣ፤ አብሮኝ መድረክ ላይ ሊጫወት ኖታውን ለጠየቀኝ የኪቦርድ ተጫዋችም የሰጠሁት ቀረጻውን ብቻ ነው።