ራጅን በራጅ መፈለግ

የራዲዮሎጂ ሐኪም ግር የሚል ራጅ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን የመሰለ የት ነው ያየሁት?» ብሎ ነው። የእኔ ሥራ ኮምፒውተር ይህን ጥያቄ ምስሉን ራሱን አይቶ እንዲመልስ ማድረግ ነው። በጽሑፍ መፈለግ አያስተማምንም፤ የጀርመኗ አኸን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ከምስሉ ጋር በፋይሉ ውስጥ የሚመዘገበው የአካል ክፍል ስም ከመቶ 15 ያህሉ ስህተት ሆኖ አግኝተውታል።

ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ራጅ ወደ ቁጥሮች ረድፍ ይለውጥና ቁጥራቸው የሚቀራረበውን ያወጣል። ይህ ቀላሉ ነው። ጭንቁ «በምኑ ይመሳሰል?» የሚለው ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2017 የለቀቁት ስብስብ ከ30,805 ታካሚዎች የተነሱ 112,120 የደረት ራጆች አሉት። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር የገባበትን ራጅ ይዘን እንፈልግ። «አየር ገብቷል» ከተባሉት ብዙዎቹ ላይ ሐኪም ያስገባው የደረት ቱቦ ይታያል። በሽታው ራሱ እንደ ጸጉር የቀጠነ የሳንባ ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የደም ሥር ጥላ አይታይም። ቱቦው ግን ቁልጭ ብሎ ነጭ ነው። ማሽኑ ቱቦን ከቱቦ ያገናኛል። እርዳታ የሚፈልገው ሐኪም ደግሞ ታካሚው ገና ቱቦ ያልገባለት ነው! ስለዚህ ሐኪሙ የጠረጠረውን ቦታ በሳጥን እንዲከብ አደርጋለሁ፤ በራጁ ምስል ዳር ላይ ያሉትን ፊደላት እሸፍናለሁ፤ የመጡትን ምስሎችም አንድ በአንድ አያለሁ። የመመሳሰል ነጥብ ብቻውን አያሳምነኝም።

ሌላም አለ። እንዲህ ያለ ፍለጋ፣ ካልከለከሉት በቀር፣ «የለም» አይልም፤ ካለው ውስጥ የቀረበውን ያመጣል። በዚያ ስብስብ ከተመዘገቡት 14 የሕመም ዓይነቶች ውስጥ ቲቢ የለም። የጎንደር ወይም የጅማ ሐኪም የቲቢ ራጅ ቢያስገባ ሌላ ስም የተለጠፈባቸው ራጆች ይመጡለታል። ለሁሉም ክፍት ከሆኑት የቲቢ ስብስቦች በስፋት የሚሠራባቸው ሁለቱ፣ የአሜሪካው ሞንጎመሪ 138፣ የቻይናው ሼንዘን 662 ራጆች ብቻ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉም የጤነኛ ሰው ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎች የራጅ ክፍል የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ቲቢ እንዳለበት በአክታ ምርመራ የተረጋገጠ ሰው ራጅ ሲያጋጥማችሁ የታካሚውን ስም አጥፍታችሁ፣ ከምርመራው ውጤት ጋር አያይዛችሁ፣ በሆስፒታላችሁ ፈቃድ አስቀምጡልን።