‹‹ዘፍጥረት›› የተባለው የፎቶግራፍ መጽሐፍ፤ የአዳም ነው ወይስ የኖኅ?

መጽሐፍ አስቀድሞ የሚመረመረው በስሙ ነው፤ ስም ለአንባቢ የተሰጠ ቃል ነውና። ብራዚላዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ ከ2004 እስከ 2011 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ዓለምን ዞሮ ያነሣቸውን ሥዕሎች በ2013 ዓ.ም. ሲያሳትም መጽሐፉን ‹‹ጄኔሲስ››፣ ማለት ‹‹ዘፍጥረት›› ብሎ ሰየመው። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በ1984 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን በኮረም የሕዝቡን መከራ አንሥቷል፤ ለዚህም መጽሐፍ በ2008 ዓ.ም. የስሜንን ተራሮች በእግሩ ሄዶ አይቷል። በሩዋንዳ የሆነውን ዕልቂት ከተመለከተ በኋላ በሰው ልጅ ላይ የነበረው ተስፋ ስለ ተሰበረ፣ የሰው እጅ ያላበላሸውን ፍጥረት ፈልጎ ለማሳየት ተነሣ። የመጽሐፉም ስም ከዚህ አሳብ የመጣ ነው።

ስሙ በእውነት የሚፈተነው ግን በደቡብ ዋልታ ባሕር በተነሡት ሥዕሎች ነው፤ ከሰው መኖሪያ እንደዚያ የራቀ ምድር የለምና። ሳልጋዶ በ2005 ዓ.ም. ወደዚያ የሄደው ‹‹ታራ›› በምትባል፣ ርዝመቷ 36 ሜትር በሆነ ባለሸራ መርከብ ነው። የመርከቢቱ ማነስ ለሥራው ታላቅ ረድኤት ሆኖለታል። በታላቅ መርከብ ሰገነት ላይ የቆመ ሰው አውሬውን ቁልቍል ያየዋል፤ በትንሽ መርከብ ያለ ግን ከውኃው ጋር ትክክል ሆኖ ቀና ብሎ ያያል። በዌዴል ባሕር ያነሣው ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ለዚህ ምስክር ነው፤ በላዩ ግንብ የመሰለ፣ ከሥሩም ማዕበል በር ያወጣለት ሆኖ ሲታይ፣ ተመልካቹ በደጁ የቆመ መጻተኛ ይመስለዋል። ሥዕሉ ሁሉ በጥቁርና በነጭ መሆኑም መልካም ነው። የበረዶው ሰማያዊነት ዓይንን ከማባበል በቀር ለምሥጢሩ የሚጨምረው የለም፤ ቀለሙ ሲቀር ግን ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀርተው ቅርጹን ያናግሩታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥዕል ግን በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ጆርጂያ ደሴት፣ በቅዱስ እንድርያስ ወሽመጥ የተነሣው ነው። ‹‹የባሕር ዝሆን›› የሚባለው አቆስጣ ግልገሎች በዳርቻው ተኝተዋል፤ በስተኋላቸው ፔንጉዊኖች ቆመዋል። ግልገሉ ሰፊ ዓይኑን አቅንቶ ያያል እንጂ አይሸሽም፤ አይደነግጥምም። ያየው ሁሉ ‹‹በእርግጥ ከውድቀት በፊት የነበረ ሰላም ይህ ነው›› ሳይል አያልፍም።

ነገር ግን ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ ምንድር ነው? በዚያ ደሴት የሚኖሩት አውሬዎች በየብስ ላይ የሚያድናቸውን ጠላት ሳያውቁ የኖሩ ስለ ሆኑ ሰውን አይሸሹም። ይህ አለመሸሽ ለፎቶግራፍ አንሺው ጸጋ ሆነለት፤ ከእርሱ በፊት ለመጡት ዱላና ጦር ለያዙት ሰዎች ግን ያው አለመሸሽ ዕርድን አቀለለላቸው። ጠጕሩ ለልብስ የሚፈለገው አቆስጣ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ታድኖ ከመጥፋት ደርሶ ነበር። የባሕሩ ዝሆንም ስለ ስቡ ይታረድ ነበር። በ1904 ዓ.ም. በግሪትቪኬን የዓሣ አንበሪ ማረጃ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በ60 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በደሴቲቱ ዙሪያ ከ170,000 በላይ ዓሣ አንበሪዎች ተገድለዋል። የዘይቱ ጋኖች ዝገው ዛሬም በዳርቻው ቆመዋል። ስለዚህ ሳልጋዶ ያነሣው ግልገል የገነት አውሬ አይደለም፤ ከጥፋት የተረፈ ቅሬታ ነው እንጂ።

የሥራው ነቀፋ በዚህ ላይ ነው። ቅኔው ውብ ሆኖ ሳለ ምሥጢሩ ከስሙ ጋር አልገጠመም፤ ‹‹ሰው አልነካውም›› የሚለው ቃል ሰው የሠራውን ዕዳ ይሰውራልና። ሆኖም ስሙን መለወጥ አያስፈልግም፤ ምዕራፉን መለወጥ ይበቃል። ኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ አይደለም፤ የጥፋት ውኃም፣ መርከቢቱም፣ ከውኃው የተረፉት አውሬዎችም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ሥዕሎች የአዳም ሳይሆኑ የኖኅ ናቸው ቢባል ሰምና ወርቁ ይስማማል።

ልዩነቱም የቃል ጨዋታ አይደለም። በ2023–24 የጉዞ ወራት ብቻ ከ100,000 በላይ መንገደኞች የፎቶግራፍ መኪና ይዘው ወደ ደቡብ ዋልታ ተጕዘዋል። ከ500 ሰው በላይ የጫነ መርከብ መንገደኛ እንዳያወርድ፣ በአንድ ስፍራ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ እንዳይወርድ፣ ወደ አውሬውም ከ5 ሜትር ይልቅ እንዳይቀርቡ ሥርዓት ተሠርቷል። የአዳምን ገነት አያለሁ ብሎ የመጣ መንገደኛ ይህ ሥርዓት ይከብደዋል፤ የኖኅን ቅሬታ እንደሚያይ ያወቀ ግን በፈቃዱ ይርቃል። ቅሬታውም ዛሬ ከአደጋ አልወጣም፤ ከ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የወፎች ጕንፋን ወደ ደሴቲቱ ገብቶ ከባሕር ዝሆኖቹ ብዙዎችን ገድሏል።

በግንቦት 2025 ዓ.ም. ያረፈው ሳልጋዶ ይህን እውነት በሕይወቱ ያውቀው ነበር። ደኑ ተመንጥሮ የደረቀውን የአባቱን ርስት ከሚስቱ ከሌሊያ ጋር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዛፍ እየተከለ መልሶ አለምልሞታል። ይህ የኖኅ ሥራ ነው፤ ኖኅም ከመርከቡ ወጥቶ መሬቱን አርሷልና። እንግዲህ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ከዚያ ግልገል ዓይን ፊት ሲደርስ ጥቂት ይቁም። ዓይኑ ‹‹እንዴት ያለ ሰላም ነው›› አያሰኝም፤ ‹‹ይህን ያህል ከተበደለ በኋላ ስለምን አልሸሸም?›› ያሰኛል እንጂ።