የቅዳሜ ምሽት ቀጠሮና የማይዘጋው ጎተራ

ቴሌቪዥን በየቤቱ ከገባ ወዲህ የተመልካቹ ዓይነት ከሁለት ተከፍሎአል። አንደኛው የተወሰነውን ቀንና ሰዓት ጠብቆ ጣቢያው የሚያቀርብለትን የሚቀበል ነው። ሁለተኛው በኢንተርኔት አማካይነት የወደደውን ትርኢት በወደደው ሰዓት ከፍቶ የሚመለከት ነው፤ ይህንንም አሠራር ስትሪሚንግ ይሉታል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በዋጋና በምቾት ረገድ ነው። እኛ ግን ነገሩን አንድን ትርኢት ከልቡ ከሚወድ ተመልካች ስሜት አንጻር ልንመረምረው አስበናል። እንዲህ ያለው ሰው ያገኘውንም ያጣውንም ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ ያውቀዋልና።

ለምርመራችንም «ዶክተር ሁ» የተባለውን የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ መርጠናል። የተለየ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ድራማው በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ኅዳር 23 ቀን 1963 ቅዳሜ ምሽት፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ነበር። ዓለም ሁሉ በዚያ ወሬ ተይዞ ስለ ነበረ የመጀመሪያው ክፍል በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁለተኛው ክፍል አስቀድሞ እንደገና ታየ። አዘጋጇ ቬሪቲ ላምበርት ገና 28 ዓመት ያልሞላት ወጣት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ታሪክ ያስተባበረው ዳይሬክተርም በሕንድ አገር የተወለደው ዋሪስ ሁሴን ነው። ታሪኩ ስሙ በማይታወቅ አንድ ዶክተር ላይ የቆመ ነው፤ ይህም ሰው ከውጭ ሲያዩት ጠባብ፣ ውስጡ ግን ሰፊ በሆነ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ቤት ተሳፍሮ ከዘመን ወደ ዘመን ይዘዋወራል።

የቀድሞው ቴሌቪዥን ለዚህ ድራማ የሰጠው ትልቁ ሀብት ቀጠሮ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ መጨረሻው ተመልካቹን በጭንቀት ላይ ጥሎ የሚያቋርጥ ነበር። ዳሌክ የተባሉት ፍጡራን የመጡበትን ታሪክ እንመልከት። በታኅሣሥ 21 ቀን 1963 በታየው የመጀመሪያ ክፍል መጨረሻ ላይ ባርባራ የተባለችው መምህርት በማታውቀው ከተማ መተላለፊያ ውስጥ ብቻዋን ሳለች አንድ ነገር ወደ እርስዋ ይቀርባል። ተመልካቹ የሚያየው የፍጡሩን ክንድ ብቻ ነው፤ እርስዋ ግን ሙሉውን አይታ ትጮኻለች፤ ክፍሉም በዚሁ ያበቃል። እንግዲህ ፍጡሩ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ በልጆች ልብ ውስጥ ሲመላለስ ከረመ። ደራሲው ቴሪ ኔሽን ያልጻፈውን ተመልካቹ በገዛ ሐሳቡ ጻፈው ማለት ነው። ሳምንቱ የድራማው አካል እንጂ በድራማዎች መካከል የተገኘ ባዶ ጊዜ አልነበረም።

ዛሬ ይህንኑ ታሪክ በስትሪሚንግ የሚያይ ሰው ግን ከባርባራ ጩኸት በኋላ የሚጠብቀው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ፍርሃቱ ሥር ሳይሰድ መልሱ ይደርስበታል። ከዚህም የተነሣ ሰባቱን ክፍሎች በአንድ ቀን የጨረሰ ተመልካች፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ክፍል ረግረጉንና ዋሻውን የሚሻገሩበትን ጉዞ የተንዛዛ ሆኖ ያገኘዋል። በየሳምንቱ አንዳንድ እርምጃ ሲራመዱት ግን ጉዞው ርዝመቱ የሚገባው ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ይስማማል። ቢ.ቢ.ሲ. ራሱ በ2023 ይህንኑ ታሪክ ቀለም ቀብቶ ባቀረበ ጊዜ ሰባቱን ክፍሎች ወደ 75 ደቂቃ አሳጥሮአቸዋል። ይህ ማሳጠር ሥራው ከቀጠሮው ሲለያይ ቅርጹም አብሮ እንደሚናጋ ጥሩ ማስረጃ ይመስለናል።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ብቻ ማመስገን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ያ የቅዳሜ ቀጠሮ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ ያለፈው ክፍል እንደ ወራጅ ውኃ ያለፈ ነበር። ቢ.ቢ.ሲ. የምስል ክሩ ውድ ስለ ነበረና ደጋግሞ የማሳየቱ መብት በውል የተገደበ ስለ ሆነ፣ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙ ትርኢቶችን እያጠፋ በክሩ ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበር። በዚህም ምክንያት ከ1960ዎቹ «ዶክተር ሁ» ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ጠፍተዋል። ዊልያም ሃርትኔል የዶክተሩን ቦታ ለፓትሪክ ትራውተን የለቀቀበት የ1966ቱ ክፍል እንኳ ከጠፉት አንዱ ነው፤ መለዋወጡን የሚያሳይ አጭር ቅንጭብ ብቻ ተርፎአል። አንዳንዶቹ ክፍሎች የተገኙት ለሽያጭ ወደ ውጭ አገር በተላኩ የፊልም ቅጂዎች ነው፤ በ2013 ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ በጆስ ከተማ መገኘታቸው ተገልጾአል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ጥፋት ውስጥ ልብ የሚነካ ነገር ወጥቶአል። በዚያ ዘመን የነበሩ ጥቂት አፍቃሪዎች፣ አብዛኞቹም ወጣቶች፣ ትርኢቱ ዳግመኛ እንደማይመጣ ስለ ተረዱ ድምፁን በቴፕ ይቀዱ ነበር፤ ማይክሮፎኑን ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ፊት አቁመው የቀዱም አሉ። ዛሬ ምስላቸው የጠፋው ክፍሎች ሁሉ ድምፃቸው የሚሰማው በእነዚህ ሰዎች ትጋት ነው። በ2016 ስድስት የጠፉ ክፍሎች በሥዕል ተንቀሳቃሽ ፊልም ተሠርተው እንደገና ሲቀርቡ፣ ሥዕሉ የተሠራው በዚሁ ድምፅ ላይ ነበር። ትልቁ ድርጅት የጣለውን ተራው ተመልካች አነሣው።

አሁን ወደ ስትሪሚንግ እንመለስ። ቢ.ቢ.ሲ. ኅዳር 1 ቀን 2023 አይፕሌየር በተባለው አገልግሎቱ ከ800 የሚበልጡ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎችን ለእንግሊዝ አገር ተመልካች ከፈተ። ለአፍቃሪው ይህ በእውነቱ ታላቅ ስጦታ ነው። ሌሊት ሥራ የሚያድረው፣ የታመመው፣ ገና ያልተወለደውም ሁሉ ከዚያ ጎተራ ይደርሰዋል። «ሁሉም አማረሽን ገበያ አታውጧት» እንደሚባለው፣ የትርፍ ብዛት ምርጫን የሚያስቸግርበት ጊዜ መኖሩ ባይካድም፣ ጎተራ ሞላ ብሎ የሚያዝን አስተዋይ የለም።

ሆኖም ጎተራው የማን ነው? ያን ጊዜ በተከፈተው ስብስብ ውስጥ ሁሉ የጀመረበት የ1963ቱ የመጀመሪያ ታሪክ አልነበረም፤ ስለ መብቱ ስምምነት አልተገኘምና። በሌላም ወገን ዲዝኒ ፕላስ «ዊሎው» የተባለውን የራሱን ተከታታይ ድራማ ማሳየት ከጀመረ ስድስት ወር ሳይሞላው በግንቦት 2023 ከአገልግሎቱ አውጥቶታል። ተመልካቹ በየወሩ የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ ነው እንጂ የሀብቱ ዋጋ አይደለም። ይልቁንም የሚያሳስበን፣ ሁሉ ነገር ዘወትር ይገኛል ብሎ ያመነ ተመልካች ማይክሮፎን የሚያቆምበት ምክንያት አለመኖሩ ነው። የቀድሞው አፍቃሪ ማጣትን ስለ ፈራ ጠባቂ ሆነ፤ የዛሬው አፍቃሪ ግን ማጣት መኖሩን ሳያውቅ እንግዳ ሆኖ ይኖራል። ጌታው በሩን በዘጋ ዕለት በእጁ የሚቀር ነገር የለውም።

ስለ ቀጠሮውም ቢሆን አዘጋጆቹ ራሳቸው ሲያመነቱ ታይተዋል። በግንቦት 2024 አዲሶቹ ክፍሎች በእንግሊዝ አገር በእኩለ ሌሊት በአይፕሌየር ተለቅቀው፣ በቴሌቪዥኑ የታዩት በዚያው ቀን ምሽት ነበር። ስለዚህ አንዱ ሌሊቱን ነቅቶ ሲያይ ሌላው እስከ ምሽት ድረስ ወሬውን ላለመስማት ጆሮውን ይሸሽግ ጀመር፤ አንድ የነበረው ማኅበር በሰዓት ተከፋፈለ። በ2025 የመጨረሻው ክፍል ሲደርስ ግን ቴሌቪዥኑና አይፕሌየሩ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት እንዲያሳዩት ተደረገ። ታላቅ ነገር በሚታይበት ጊዜ ሰው ሁሉ አብሮ ቢያየው እንደሚሻል የታወቃቸው ይመስላል።

ይህ ጉዳይ የእንግሊዞች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማለት «ዶክተር ሁ» በተጀመረ በዓመቱ ገደማ መሆኑን እናስታውሰዋለን። በእኛም አገር ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት የጎረቤት ሁሉ መሰብሰቢያ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዛሬ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተሠራውን ተከታታይ ድራማ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም የሚኖረው ወገናችን በዩቲዩብ ይከታተለዋል፤ ቀጠሮ ቢቀር ናፍቆቱ የሚወጣበት መንገድ ተገኝቶአል። ነገር ግን ዩቲዩብ የሌላ አገር ኩባንያ ንብረት ነው፤ እዚያ ላይ መታየትም ተጠብቆ መቀመጥ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል ጎተራውን እንመርጣለን፤ የጠፋ ሥራ ምንም ቀጠሮ አይመልሰውምና። ነገር ግን ድራማ የሚሠሩ ሰዎች የሳምንቱን ቀጠሮ ከዋጋ ቢስ ልማድ ባይቆጥሩት፣ ተመልካቹ በራሱ ሐሳብ የሚጽፍበትን ቦታ ይተዉለታል። የመጠበቁ ሥራ ደግሞ ለአከራዩ ኩባንያ ወይም ቴፕ ላላቸው ጥቂት ወጣቶች ብቻ የሚጣል አይደለም። መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ በቴሌቪዥን የታየ ድራማም ከመጀመሪያው ዕለት አንሥቶ አንድ ቅጂ በሕዝብ መዝገብ ቤት ሊገባ ይገባል። ይህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች፣ በትምህርት ቤት ድራማ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ነገም ይህን ታሪክ የሚጽፉ ተማሪዎች ጉዳዩን ከአሁኑ እንዲያስቡበት እናሳስባለን።