የአገር ፍቅርና የመራጭ ድምፅ፤ ስለ ጆርጅ ኦርዌል አንድ መጽሐፍ

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል «አንበሳውና ባለአንድ ቀንዱ» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፍ ያወጣው በ1941 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን) የጀርመን አውሮፕላኖች ሎንዶንን በቦምብ በሚደበድቡበት ወራት ነበር። አንበሳና ባለአንድ ቀንድ የብሪታንያ ዘውድ አርማ ደጋፊዎች ስለ ኾኑ፥ ርእሱን ብቻ ያየ ሰው የቤተ መንግሥት ውዳሴ ይመስለው ይኾናል። ደራሲው ግን በእስፓኝ ጦርነት ከግራው ወገን ተሰልፎ ጕሮሮው ላይ በጥይት የቈሰለ ሶሻሊስት ነው።

መጽሐፉን ማንሣታችን፥ የግራ ፓርቲዎች ድምፅ ለማግኘት ሲሉ የአገር ፍቅርን ይያዙን? የሚለው ክርክር ዛሬም ስላላበቃ ነው። ኦርዌል የአገሩን የግራ ምሁራን በዜግነታቸው ያፍራሉ ሲል ይወቅሳቸዋል። ተራው ሕዝብ አገሩን ይወዳል፤ ፍቅሩን የሚንቅበትንም ሰው አይከተልም። በዚህ ደራሲው እውነት ይዟል እንላለን።

ብዙዎች መጽሐፉን የሚጠቅሱት ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ያለው በመጨረሻው ክፍል፥ ስድስት ነጥቦች በተዘረዘሩበት ስፍራ ነው። መሬት፥ ማዕድን፥ የባቡር ሐዲድና ባንክ የሕዝብ ሀብት ይኹኑ፤ ትልቁ ገቢ ከትንሹ ከዐሥር እጥፍ አይብለጥ፤ የትምህርቱ ሥርዓት ይታደስ፤ ህንድም ጦርነቱ ሲያልቅ መለየት ብትሻ መብቷ ይጠበቅ ይላል። በስድስተኛው ነጥብ ከቻይናና ከኢትዮጵያ፥ ፋሽስቶች ካጠቋቸውም ሕዝቦች ሁሉ ጋራ በይፋ ቃል ኪዳን እንዲደረግ ይጠይቃል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፥ በሜይ 1941 ነውና፥ ይህን ስናነብ ልባችን ሳይነካ አልቀረም። የራሱን አገር መውደድ የሌላውን ሕዝብ ነጻነት ከማክበር ጋራ አንድ ላይ ያስኬደ ደራሲ እምብዛም አይገኝም።

ስሕተትም አለበት። ጦርነቱ ያለ ሶሻሊዝም ድል አይገኝበትም ብሎ ነበር፤ መሳሳቱን ራሱ በ1944 አምኗል። ድሉ ከተገኘ በኋላ፥ በጁላይ 1945፥ የሠራተኞቹ ፓርቲ ሌበር 393 መቀመጫ አሸነፈ። መሪው ክሌመንት አትሊ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመኰንንነት ያገለገሉ ሰው ስለ ነበሩ አገር ወዳድነታቸውን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ ስለ ቤት፥ ስለ ሥራና ስለ ሕክምና ተናገሩ።

ባንዲራ ብቻውን የማይበቃ መኾኑን ግን 1983 አሳየ። የሌበር መሪ ማይክል ፉት በ1982 መርከቦች ወደ ፎክላንድ እንዲላኩ ደግፈው ነበር፤ በምርጫው ፓርቲያቸው 209 መቀመጫ ብቻ አገኘ። በ2022 ደግሞ ይኸው ፓርቲ ጉባኤውን በብሔራዊ መዝሙር ከፍቶ በ2024 411 መቀመጫ አሸነፈ። ይህን የመዝሙሩ ፍሬ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ያገኘው ድምፅ ከመቶ 34 ያህል ነበር፤ ሕዝቡም ወግ አጥባቂዎቹን ከ14 ዓመት አገዛዝ በኋላ ሰልችቷቸው ነበር።

የኦርዌልን ስም እየጠሩ ባንዲራ የሚሰቅሉ የፓርቲ ሰዎች መጽሐፉን ከመጨረሻው ክፍል ጀምረው ቢያነቡት እንወዳለን።