ገልብጠው ይዩት፦ የቁራጭ ጨርቅ ሥራ እንዴት ይመዘናል?

በየልብስ ሰፊው መኪና ሥር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁራጭ ጨርቅ አይጠፋም። ሱሪ ሲያጥር የተቆረጠ ጂንስ፣ ከገበር የተረፈ ስስ ናይለን፣ ከተማሪ ዩኒፎርም የወጣ ቴትሮን፣ ከሀበሻ ቀሚስ ጫፍ የተቀነሰ የጥለት ብጣሽ ሁሉም እዚያው ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። ገሚሱ ለትራስ መሙያ ይሄዳል፣ ገሚሱ የመኪና መወልወያ ይሆናል፣ የቀረው ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የሶፋ ትራስ፣ የገበያ ቦርሳ፣ የጀበና መያዣና አሻንጉሊት እየሆነ በየባዛሩ ጠረጴዛ ላይ መደርደር ጀምሯል። ገዢው «ከተረፈ ጨርቅ በእጅ የተሠራ ነው» ሲባል ወዲያው ልቡ ይራራል፤ ስፌቱ ቢጣመምም፣ ጠርዙ ቢፈራርስም «ምን ይደረግ፣ ከቁራጭ እኮ ነው» ብሎ ያልፋል።

ማለፍ ግን አልነበረበትም። ከጣቃ ቆርጦ የሚሰፋ ባለሙያ የሚታገለው ከአንድ ጨርቅ ጠባይ ጋር ብቻ ነው። ከቁራጭ የሚሠራው ግን አንዱ የሚሳብ፣ አንዱ ንቅንቅ የማይል፣ አንዱ ውሃ ሲነካው የሚሰበሰብ፣ ሌላው ካውያ ሲጠጋው የሚቀልጥ አምስት ስድስት ዓይነት ጨርቅ በአንድ ስፌት ማስማማት አለበት። ሥራው ለመጀመር ቀላል ነው፤ አንድ መርፌ፣ አንድ ጥቅል ክርና ትዕግሥት ይበቃዋል። በደንብ ለመጨረስ ግን ከቀሚስ ስፌት አያንስም፣ አንዳንዴም ይብሳል። ስለዚህ መመዘኛው መጥበቅ እንጂ መላላት የለበትም።

የመጀመሪያው ፈተና ዕቃውን ገልብጦ ማየት ነው። ትራስ ከሆነ ዚፑን ከፍቶ፣ ቦርሳ ከሆነ ገበሩን ወደ ውጭ አውጥቶ፤ ገበሩ ተዘግቶ የተሰፋ ከሆነም በላዩ ላይ በጣት እየዳሰሱ። በመኪና የተሰፋ ጥሩ ስፌት በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ መርፌው አራት ጊዜ ገደማ የወጋበት ነው። ከዚያ በጣም ከራቀ ስፌቱ ሲሳብ ይከፈታል፤ በጣም ከጠበቀ ደግሞ ስስ ጨርቅን በስቶ ያደክመዋል። ቀጥሎ የሚታየው ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጫፍ የቀረው ትርፍ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ ለተሠራ ጥጥ 6 ሚሊ ሜትር ሊበቃ ይችላል፤ ዕቃ ለሚሸከም ቦርሳ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ቁራጭ ለመቆጠብ ሲሉ ጫፍ ጫፉን የሚሰፉ ሰዎች አሉ። ያተረፉት ጨርቅ የአንድ ጣት ውፍረት አይሞላም፤ ቦርሳው ግን አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሲገባበት ይተረተራል።

ጠርዙ ምን ተደረገ? ብዙዎቹ የድሮ የእግር ሲንጀሮች ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚሰፉት፤ ጠርዝ የሚይዘው ኦቨርሎክ ራሱን የቻለ ሌላ መኪና ነው። እሱ የሌለው ሰፊ ግን ምክንያት የለውም፣ መላ አለ። ሁለቱን ቁራጮች ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ አንድ ጊዜ ይሰፋል፣ ትርፉን በመቀስ ይከረክማል፣ ከዚያ ገልብጦ እንደገና ይሰፋል። የሚፈራርሰው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተቀብሮ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቦርሳ በውስጥም በውጭም ንጹሕ ነው። በእጅ የዘመዘመም ካለ አይናቅም፤ እንዲያውም ዘምዘማው እኩል ከሆነ የሠሪውን እጅ ከምንም በላይ ያሳያል።

ሁለተኛው ፈተና ጠረጴዛ ይፈልጋል። ትራሱን ወይም የጠረጴዛ ልብሱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግቶ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ማጠፍ። ማዕዘኖቹ ከተገናኙ ደህና፤ ካልተገናኙ ጨርቁ የተቆረጠው ድርና ማጉን ሳይጠብቅ ነው። ማንኛውም ሽምን ጨርቅ በድሩ አቅጣጫ ሲሳብ ብዙም አይለጠጥም፣ በማጉ አቅጣጫ ጥቂት ይላል፣ በሰያፍ ሲሳብ ግን በደንብ ይለጠጣል። ቁራጭ ጨርቅ ደግሞ በየአቅጣጫው ተቆርጦ ስለሚመጣ ያገኙትን እንዳለ መግጠም ያጓጓል። አዲስ ሳለ ያማረ ትራስ ከአንድ ወር በኋላ አንድ ጎኑ ሲንሻፈፍ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ጥለት ያለበት ቁራጭ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል፣ ደስም ይላል። ከሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቆች የሚተርፈው ጥለት ዛሬ የትራስ መሃል፣ የቦርሳ ክዳን፣ የማስታወሻ ደብተር ልባስ ይሆናል። ንድፉን የሚሰጠው ባለቀለም ክር ሸማኔው ከመሠረቱ ማግ በተጨማሪ በእጁ እየለቀመ ያስገባው ነው። ጨርቁን ሲገለብጡት ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገር በግልጽ ይታያል። መቀስ ሲያርፍበት ይህ ክር የሚይዘው ያጣል፤ ከጫፉ እየተመዘዘ መውጣት ይጀምራል። የገባው ሠሪ ከመቁረጡ በፊት የሚቆርጥበትን መስመር ግራና ቀኝ በመኪና ይሰፋዋል፣ ወይም ከጀርባው አቡጀዲ ይደርብበታል። ያልገባው በቀጥታ ቆርጦ፣ ጫፉን በሙጫ ለጥፎ ይሸጠዋል። ልዩነቱን ለማወቅ ጥፍርን በጥለቱ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጎ መጎተት ነው፤ ክር ተነሥቶ ከመጣ ያ ዕቃ ሁለት እጥበት አይችልም። ሙጫ ያለበት ደግሞ ሲታጠፍ ድርቅ ይላል።

ዓይንም የራሱን ይፈርድ። ከጥለቱ ቅርጾች አንዱ በግማሹ ተቆርጦ ስፌት ውስጥ ከገባ ሠሪው ቁራጩን አልለካውም ማለት ነው። ቅርጹ ሙሉ ሆኖ፣ ከሁለቱም ጎን እኩል ነጭ ቦታ ቀርቶለት ከተቀመጠ ግን ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ከመስፋታቸው በፊት ቁራጩን ብዙ ጊዜ አዟዙረው አይተውታል። ሌላው ነገር ሳሳ ያለ የእጅ ሽመና ከጂንስ ጋር በቀጥታ ሲሰፋ ጂንሱ ጎትቶ ያሸበሽበዋል፤ ከሥሩ የተደረበ ጨርቅ ካለ ግን ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ። ወርቅማና ብርማ ክር ያለበት ጥለትም አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ፕላስቲክ ነክ ስለሆነ የጋለ ካውያ አይወድም፤ ሻጩ ይህን ሳይጠየቅ ከተናገረ የሚያውቀውን ነው የሚሸጠው።

የድስትና የጀበና መያዣ ከሁሉም ትንሹ ሥራ ነው፤ ጀማሪም የሚሞክረው እሱን ነው። በጣም ጠንካራ ፍርድ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳዩ የእጅ ቃጠሎ ነውና። ጥጥና ሱፍ በሙቀት አይቀልጡም፣ ያርራሉ እንጂ። ፖሊስተርና ናይለን ግን ይቀልጣሉ፤ የቀለጠው ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከላይ ውብ ጥጥ ለብሶ ውስጡ የናይለን ገበር ቁራጭ የታጨቀበት መያዣ አደጋ ነው። ሠሪው የሚጠረጥረውን ቁራጭ በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል፤ አንድ ክር መዝዞ፣ በመቆንጠጫ ይዞ ክብሪት ማስጠጋት። ጥጥ ከሆነ ነዶ ልስልስ አመድ ይተዋል፤ ሽታው የተቃጠለ ወረቀት ነው። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድም በጣት የማይፈረፈር ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ቴትሮን ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ከሆነ ከሁለቱም ያሳያል። ገዢ ባዛር ላይ ክብሪት መጫር አይችልም፤ «ውስጡ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል። ጥሩው መልስ «አሮጌ ጋቢ» ወይም «ፎጣ» ነው። ይህም ቢሆን ደረቅ ሲሆን ብቻ ይሠራል፤ የረጠበ ጥጥ ሙቀቱን ወደ እጅ በፍጥነት ያሳልፋል።

የገበያ ቦርሳ በተለይ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ተፈላጊነቱ የሚጨምር ዕቃ ነው። ፍርዱ ያለው ማንጠልጠያው ላይ ነው። ማንጠልጠያው በቦርሳው አፍ ጠርዝ ላይ ብቻ ከተሰፋ ክብደቱን የሚሸከመው አንድ መስመር ክር ነው። ወደ ታች ጥቂት ጣት ወርዶ፣ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሃሉ በመስቀል ከተቆለፈ ግን ድንችም ዱቄትም ይችላል። የቦርሳው ቂጥ ከአንድ ሙሉ ጠንካራ ቁራጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ቅጥልጥሉ ከጎኖቹ ላይ ይሁን።

ቀለም የሚለቅ ጨርቅ የሠርግ ነጠላ ያበላሸበት ቤት ጥቂት አይደለም። ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ከነጭ ጋር ተሰፍተው ሲገኙ የረጠበ ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት ላያቸው ላይ ማሸት ይበቃል። ጠንቃቃ ሠሪ ቁራጮቹን ሁሉ ከመስፋቱ በፊት አጥቦ፣ ተኩሶ ይጀምራል፤ የሚሰበሰበው አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ የሚለቀው አስቀድሞ ይለቃል።

ስለ ውበት ሲነሣ ብዙ ሰው አመሳስሎ መደርደርን ከጥሩ ሥራ ጋር አንድ ያደርገዋል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ የአላባማ ወንዝ ተጠምዝዞ በሚያልፍበት ስፍራ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለ። የመንደሩ ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ፣ ከጆንያና ከተረፈ ጨርቅ የአልጋ ልብስ ሲሰፉ ትውልድ አልፏል። ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የጥበብ ሙዚየም ታይተው ወደ ኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ተሻገሩ፤ በ2006 ደግሞ አሥሩ በአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለችው ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 የሰፋችው የአልጋ ልብስ ከሟች ባሏ የሥራ ልብስ የተቆረጠ ነው። እነዚህ ሥራዎች መስመራቸው ቀጥ ያለ አይደለም፣ ቁራጮቹም እኩል አይደሉም። ነገር ግን ጥቁሩ የት እንደሚያርፍ፣ ደማቁ የት እንደሚገባ ታስቦበታል፤ ዓይን የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታም አላቸው። አስቦ ያጣመመን ሳያስብ ከተጣመመበት የሚለየው ይኸው ነው።

በአገር ቤት ባዛሮች የሚታየው ተደጋጋሚ ስህተት ሁሉም ቁራጭ በአንድ ላይ መጮኹ ነው። አበባ ያለበት ከዥንጉርጉር፣ ዥንጉርጉሩ ከጥለት፣ በዚያ ላይ ለቱሪስት ተብሎ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥብጣብ። ባንዲራው ክብር አለው፤ የጀበና መያዣ ጠርዝ ሁሉ ላይ ግን መዞር የለበትም። ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ይረዳል፤ ብርሃኑና ጥላው ተለይቶ ከታየ ሠሪው ቀለም ያውቃል፣ ሁሉም አንድ ግራጫ ከሆነ አያውቅም።

የጨርቅ አሻንጉሊት አንገቷ ተይዞ ይወዝወዝ፤ ወዲያ ወዲህ ከወደቀ ሙሌቱ አንገት ላይ አልደረሰም። ዓይኗ ቁልፍ ከሆነ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አትሰጥም፤ ተነቅሎ ይዋጣልና። በክር የተጠለፈ ዓይን ይሻላል። ከተጎነጎነ ቁራጭ የተሠራ ክብ ምንጣፍ ደግሞ መሬት ላይ ሲዘረጋ ጠርዙ ወደ ላይ ከተነሣ ጠብቆ ተሰፍቷል፣ ከተውለበለበም ላልቷል።

አንድ ማጭበርበሪያም አለ። የተቀጣጠለ መስሎ በፋብሪካ የታተመ ሙሉ ጨርቅ «በእጅ የተገጠመ» ተብሎ ይሸጣል። ሲገለብጡት ከቁራጭ ወደ ቁራጭ የሚሄድ አንድም ስፌት አይገኝበትም። ሊያምር ይችላል፤ የእጅ ሥራ ዋጋ ግን አይጠየቅበትም።

እንግዲህ ባዛር የሚሄድ ሰው ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጨርቁ ምንድን ነው፣ ከመሰፋቱ በፊት ታጥቧል ወይ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው። ሦስቱንም ሳያመነታ የመለሰና ዕቃውን ራሱ ገልብጦ ያሳየ ሠሪ ከተገኘ፣ ከጠራው ዋጋ ላይ መከራከሩ አግባብ አይሆንም።