አግዳሚ ብረት ላይ መንጠልጠልና የትከሻ ሕመም፤ የዶ/ር ጆን ኪርሽ መጽሐፍ ሲመረመር

አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ዶ/ር ጆን ኪርሽ ስለ ትከሻ ሕመም በጻፉት መጽሐፍ የሚሰጡት ምክር ቀላል ነው። ሕመምተኛው አግዳሚ ብረት ጨብጦ ለጥቂት ሰከንዶች ይንጠለጠላል፤ አርፎ ይደግማል፤ ቀለል ያሉ ክብደቶችንም ያነሣል። ቀዶ ሕክምናን ለማስቀረት በቀዶ ሐኪም የተጻፈ መሆኑ ብቻውን ትኩረት ይስባል። ወጪውም ኢምንት በመሆኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር በጎ አቀባበል ቢያገኝ አያስደንቅም።

ደካማው ጎን ማብራሪያው ነው። ደራሲው እንደሚሉት፣ የትከሻ ጅማቶች የሚጎዱት ከበላያቸው ካለው የአክሮሚዮን አጥንት ጋር ሲታሹ ነው፤ ሰው ሲንጠለጠል ግን የክንዱ አጥንት ይህን ቅስት ቀስ በቀስ ስለሚያጎብጠው ቦታው ይሰፋል። ከቺምፓንዚና ከመሰሎቹ ጋር ያደረጉት ንጽጽር ለንባብ ይጥማል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። የመታሸቱ ሐሳብ ዶ/ር ቻርልስ ኒር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስፋፉት ሲሆን፣ አጥንቱን በቀዶ ሕክምና መሞረድም የተለመደው በዚሁ ሳቢያ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት የታተመ የብሪታንያ ጥናት አጥንታቸው የተሞረደላቸውን ሕሙማን መሣሪያ ገብቶ ምንም ሳይነካ ከወጣላቸው ጋር አነጻጽሮ ፋይዳ ያለው ልዩነት አላገኘም። መሞረዱ ራሱ ይህን ያህል ካልፈየደ፣ በመንጠልጠል ይመጣል የተባለው የአጥንት መጉበጥ እንዴት የፈውሱ ምንጭ ሊሆን ይችላል? ሕሙማኑ የተሻላቸው ጡንቻቸው በመጠንከሩ፣ መገጣጠሚያቸው በመፍታታቱ ወይም በጊዜ ብዛት ሊሆን ይችላል። የደራሲውን ታካሚዎች መሻል ብቻ በማየት ይህን መለየት አይቻልም።

መጽሐፉ ስለ ትከሻ ቢጽፍም፣ መንጠልጠል አከርካሪን አሳስቦ የወገብ ሕመምን ያድናል የሚል እምነት በሰፊው ይነገራል። መንጠልጠልና በመሣሪያ መጎተት አንድ ባይሆኑም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 32 ጥናቶችንና 2,762 ሰዎችን መርምሮ መጎተት ለወገብ ሕመም የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም እንደሆነ ደምድሟል። በአገራችን ደግሞ የበረታ ጥያቄ አለ፤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ። የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ወይም የጀርባ መጉበጥ ያለበትን ሰው ሳይመረምሩ «ተንጠልጠል» ማለት የተሸረሸረ አከርካሪን ለተጨማሪ ጉዳት ማጋለጥና ሕክምናውን ማዘግየት ነው። ትከሻው በተደጋጋሚ ለወለቀበትና አጥንቱ ለሳሳ ሰውም ምክሩ አይሆንም። ከእነዚህ ውጭ ያለ የትከሻ ሕመምተኛ ሊሞክረው ቢፈልግ፣ እግሩን ከመሬት ሳያነሣ ከፊል ክብደቱን ብቻ በማሳረፍ ይጀምር።